ልጃችሁ «የሚያናግረኝ አለ» ሲላችሁ

መብራት ልታጠፉ እጃችሁን ስትዘረጉ ልጁ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ፣ «እማዬ፣ ትናንት ማታ አንድ ሰው ስሜን ጠራኝ። ዞር ስል ማንም የለም» ይላል። ያን ጊዜ ፊታችሁ ላይ የሚያየው ነገር ከሰማው ድምፅ የበለጠ ውስጡ ይቀራል። ከደነገጣችሁ አብሯችሁ ይደነግጣል። ከሳቃችሁበት ሁለተኛ አይነግራችሁም። ከተቆጣችሁት ደግሞ ያጠፋ ይመስለዋል፤ ድምፁ ቢቀጥልም አፉን ይይዛል። ከዚህ በታች ያለው ምክር ከ4 እስከ 10 ዓመት ያሉ ልጆችን ለሚያሳድጉ ነው። አብዛኛው ቤት ውስጥ ተረጋግቶ የሚሠራ ነው። ጥቂቱ ግን ልጁን ታቅፎ ሐኪም ቤት ለመሮጥ ነው፤ የትኛው የቱ እንደሆነ መለየትም ይቻላል።

መጀመሪያ ድንጋጤው ይብረድ። ትንሽ ልጅ ድምፅ መስማቱ ብርቅ ነገር አይደለም። ሆላንድ ውስጥ በግሮኒንገን ወደ 3,900 የሚጠጉ የ7 እና የ8 ዓመት ልጆች ተጠይቀው ከመቶው 9ኙ ባለፈው አንድ ዓመት ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ሰምተው ነበር፤ ጥናቱ የወጣው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ተመራማሪዎቹ ከ5 ዓመት በኋላ ድምፅ ሰምተው የነበሩትን መልሰው ሲጠይቁ የቀጠለባቸው ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ሰው ሁሉ የሚፈራው ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ከ13 ዓመት በፊት የሚጀምረው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ሲጀምርም ድምፅ ብቻውን አይመጣም፤ ልጁ ከጓደኞቹ ይርቃል፣ ትምህርቱ ያሽቆለቁላል፣ ንግግሩ ይዘበራረቃል፣ ትናንት ይችለው የነበረው ነገር ያቅተዋል። ያም ሆኖ ድምፁ የሚቆይባቸው ልጆች ስላሉ ነገሩን እንደዋዛ ማለፍ አይገባም።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች

ቆማችሁ አትስሙ። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ በሉ፣ ስልካችሁን አስቀምጡ። የመጀመሪያው ቃላችሁ አጭር ይሁን፦ «እንኳን ነገርከኝ፣ የኔ ጌታ። እስቲ ንገረኝ፣ ምን ሰማህ?» ከዚያ ዝም በሉ። ልጅ ሐሳቡን ለመሰብሰብ ጊዜ ይፈልጋል፤ ዝምታው ቢረዝምባችሁም በጥያቄ አትሙሉት።

ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከጭንቀቱ የተነሣ መልሱን ጥያቄው ውስጥ ጨምሮ ይጠይቃል፦ «ሴት ናት? ጥቁር ለብሳለች? ና ትልሃለች?» ትንሽ ልጅ ትልቅ ሰው የሚጠብቀውን መልስ መስጠት ይወዳል። አዎ ይላችኋል፤ በማግስቱ ጥቁር የለበሰችው ሴትዮ ስምና መልክ አውጥታ ትመጣለች፣ ድምፁ ከየት እንደተነሣ ማወቅም ያስቸግራል። ጥያቄዎቻችሁ ክፍት ይሁኑ። ምን አለህ? የት ሆነህ ነው የሰማኸው? ምን እያደረግህ ነበር? ስትሰማው ምን ተሰማህ? ከዚያስ ምን አደረግህ? በመጨረሻ ደግሞ በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ «አድርግ ያለህ ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህችኛዋ ጥያቄ ብታስፈራችሁም አትለፏት። ድምፁ ያዛል ወይስ አያዝም የሚለው ነገር ቀጣዩን እርምጃ ይወስነዋል። መጠየቃችሁ በልጁ ጭንቅላት ውስጥ ያልነበረ ክፉ ሐሳብ አይተክልም። ስድስቱ ጥያቄዎች ለአንድ ማታ ይበቃሉ፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ ከሄዳችሁ ምርመራ ይሆንበታል።

«ምንም የለም፣ ተኛ» ማለት ይቀላል፤ ልጁ ግን ሰምቷል፣ ስለዚህ የሚገባው እናቱ እንደማታምነው ነው። «አዎ፣ እኔም ሰምቼዋለሁ» ማለትም ድምፁን ሰው ያደርገዋል። መካከለኛው መንገድ እውነቱን መናገር ነው፦ «እኔ አልሰማሁትም፤ አንተ እንደሰማኸው ግን አምንሃለሁ። ሊጎዳህ የሚችል ሰው እዚህ የለም፤ እኔ አጠገብህ ነኝ።» ልጁ «ለማንም እንዳትናገሪ» ካላችሁ ቃል አትግቡ። «ለሚረዱን ሰዎች ብቻ ነው የምንነግረው፤ ስንነግርም አንተ ታውቃለህ» በሉት።

በማግስቱ ቡና ላይ ነገሩን ለጎረቤት ማውራት ደግሞ ፈጽሞ መቅረት ያለበት ነው። ልጁ ምንጣፉ ላይ እየተጫወተ ያልሰማ ይመስላል። «ቡዳ ነው»፣ «የቀትር ነው»፣ «አጎቱም እንዲሁ ነበር» የሚለውን እያንዳንዱን ቃል ይሰበስባል፤ ማታ ድምፁ ሲመለስ ያንን ሁሉ ተሸክሞ ይመለሳል።

«በሆዴ አለኝ»

አማርኛችን ራሱ ሐሳብን በድምፅ ነው የሚናገረው። «ልቤ ነገረኝ»፣ «በሆዴ አልኩ»፣ «ኅሊናዬ ወቀሰኝ» እንላለን፤ ልጆች ይህን ቃል በቃል ይወስዱታል። ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ «አንዱ በውስጤ ከረሜላውን ውሰድ አለኝ» ሲል ብዙ ጊዜ «መውሰድ አማረኝ» ማለቱ ነው። ሲጫወት ጮክ ብሎ ከራሱ ጋር የሚያወራ ልጅ አይታችኋል፤ ያ ንግግር ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ሲገባ በመሸጋገሪያው ላይ አንዳንዶቹ የራሳቸውን ሐሳብ የሌላ ሰው ድምፅ አድርገው ይሰሙታል።

ለመለየት ቀላል ሙከራ አለ። «አፍህን ግጥም አድርገህ ዝጋና ከአንድ እስከ አምስት በሆድህ ቁጠር» በሉት። ሲጨርስ፣ «ያ የሚያናግርህ ድምፅ አሁን ስትቆጥር እንደሰማኸው ነው ወይስ እኔ ከጓዳ ስጠራህ እንደምትሰማው?» ብላችሁ ጠይቁት። «እንደቆጠርኩት» ካለ አብዛኛውን ጊዜ ሐሳብ ነው። «አንቺ ስትጠሪኝ እንደሚሰማኝ፣ ከበሩ በኩል» ካለ በደብተር የሚያዝ ነገር ነው። ሙከራው ምርመራ አይደለም፤ ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ግን ብዙ ጊዜ ይቆጥብላችኋል።

ውጭ አገር ያላችሁ ይህን በተለይ ልብ በሉ። አስተርጓሚ «በሆዴ አለኝ» የሚለውን ቃል በቃል ከተረጎመው ሐኪሙ ሆድ ውስጥ ድምፅ የሚሰማ ልጅ ነው ብሎ ሊጽፍ ይችላል። «ይህ በአማርኛ አሰብኩ ማለት ነው» ብላችሁ አስረዱ።

ከሐሳብ ወገን የሆነ፣ ግን መታከም ያለበት አንድ ዓይነት አለ። «እጅሽን ደግመሽ ካልታጠብሽ እማዬ ትሞታለች» የሚል ነገር ሳትፈልገው እየመጣ የሚያስጨንቃት፣ ለማብረድም ደጋግማ የምትታጠብ፣ የምትቆጥር ወይም በሩን የምትፈትሽ ልጅ ድምፅ ይሰማኛል ልትል ትችላለች። ይህ የጭንቀት ሕመም ነው፤ የራሱ የምክር ሕክምና አለው፤ የድምፅ መስማት መድኃኒት አያስፈልገውም።

ምናባዊ ጓደኛ ደግሞ ሌላ ነው። ልጅቷ እንደፈለገች ትጠራዋለች፣ ታባርረዋለች፣ ሲኒ ትቀዳለታለች፣ ስትጠየቅም «የውሸት ነው እኮ» ትላለች። ተዉአት።

የቅርብ ሰው የሞተበት ልጅ የሟቹን ድምፅ ቢሰማ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ኀዘን ነው። አዋቂዎችም ይሰማቸዋል። «ናፍቆሃል አይደል?» ብላችሁ ፎቶውን አብራችሁ እዩ። ድምፁ «ወደ እኔ ና» ካለ ግን ኀዘን ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት።

ድምፁ ከሰው አፍ ሊሆን ይችላል

ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚረሱት ይህ ነው። ልጁ ሰማሁ ባለበት ሰዓት፣ እሱ በሚተኛበት ቦታ፣ መብራት አጥፍታችሁ ለ15 ደቂቃ ተጋደሙ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ንግግር ያሳልፋል፤ ቆርቆሮ ማታ ሲቀዘቅዝ ይንጫጫል፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ድምፅ ማጉያ በነፋስ ተቆራርጦ ሲመጣ ስም የሚጠራ ይመስላል፤ የታላቅ ወንድም ስልክ ትራስ ስር ሆኖ ያወራል። ምንጩን ካገኛችሁ ለልጁ አሳዩት፤ እጁን ይዛችሁ ሄዳችሁ አሳዩት።

ከዚህ የከፋም አለ። ማታ ማታ «ዝም በይ፣ ለማንም እንዳትናገሪ» የሚለው ድምፅ እውነተኛ ሰው ሊሆን ይችላል። ድምፁ ምስጢር ጠብቂ የሚል ከሆነ፣ አንድ የታወቀ ሰው ቤት ባለ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ ልጅቷ አልጋ ማርጠብ ከጀመረች፣ ልብሷን ማውለቅ ከፈራች ወይም የብልቷ አካባቢ ካመማት፣ ተጠርጣሪውን ሰው ሳትጋፈጡ ልጅቷን ከእሱ አርቁና ሐኪም ቤት ውሰዷት። ደጋግማችሁ አትጠይቋት፤ የተናገረችውን በራሷ ቃል ጻፉት። ጉዳት የደረሰው በቅርብ ከሆነ ሳይመረመር ገላዋን አትጠቡ፣ ልብሷንም አትጠቡት።

ማስፈራሪያውንም ፈትሹ። «ጭራቅ ይበላሃል»፣ «አያ ጅቦ መጣልህ» እየተባለ የሚተኛ ልጅ ጭራቁ ሲያናግረው ቢሰማ ምን ይገርማል? ሞግዚትም፣ ታላላቆቹም፣ እናንተም ከዛሬ ጀምራችሁ አቁሙ።

ከሰውነት የሚመጣው

ድንገት፣ በሰዓታት ውስጥ፣ ደህና የነበረ ልጅ ድምፅ መስማትና የሌለ ነገር ማየት ከጀመረ መጀመሪያ የሚታሰበው የሰውነት ሕመም ወይም መርዝ ነው። ድምፅ ከመስማት ይልቅ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ሲበዛ በተለይ ተጠንቀቁ።

ትኩሳቱን በእጅ ሳይሆን በቴርሞሜትር ለኩ። ብብት ስር 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ፓራሲታሞል በየ6 ሰዓቱ ስጡ፤ መጠኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ አይበልጥም። 16 ኪሎ ለሆነ ልጅ ከ160 እስከ 240 ሚሊ ግራም ማለት ነው፤ ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ካለው ከ7 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ፤ ሁሉም ሽሮፕ አንድ አይደለም። በትኩሳት የቃዠ ልጅ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ በተለይ ትኩሳቱ ሲወርድ አእምሮው ጥርት ካላለ፣ አንገቱ ከገተረ፣ ካስመለሰው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ለማንቃት ካስቸገረ ማጅራት ገትር ወይም ጭንቅላት የገባ ወባ ሊሆን ይችላል። ወባ ካለበት አካባቢ የመጣ ልጅ ከሆነ «ከየት መጣችሁ?» እስኪሉ አትጠብቁ፣ ራሳችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ አውሮፓና አሜሪካ ያለ ሐኪም ወባን ወዲያው ላያስበው ይችላል።

አስተናግርን እወቋት። አንዳንድ ቦታ አጤ ፋሪስ ትባላለች። በየአጥሩ ሥር፣ በየቆሻሻ መጣያው የምትበቅል፣ ነጭ የመለከት ቅርጽ ያለው አበባና እሾሃም ክብ ፍሬ ያላት ተክል ናት፤ ፍሬው ሲሰነጠቅ ጥቋቁር ጥቃቅን ዘር ይወጣዋል፣ ልጆችም ለዕቃ ዕቃ ጨዋታ ይለቅሙታል። ስሟ የወጣላት በከንቱ አይደለም፤ የበላትን ሰው ታስለፈልፋለች። የበላ ልጅ አፉ ይደርቃል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ቆዳው ሳያልበው ይግላል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ ይሮጣል፣ አየር ላይ የሌለ ነገር ይለቅማል፣ ከማይታይ ሰው ጋር ያወራል። ወተትም ጨውም አጠጥታችሁ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ የቀረውን ፍሬ ይዛችሁ ሐኪም ቤት ሩጡ።

መድኃኒት ሣጥኑን አውጡና እዩ። የጉንፋንና የአለርጂ ሽሮፕ መጠኑ ሲበዛ፣ ለአስም የሚሰጥ ፕሬድኒሶሎን፣ ለትኩረት ማነስ የሚሰጠው ሜቲልፌኒዴት፣ ለኤች አይ ቪ የሚወሰደው ኤፋቪረንዝ፣ ዓይን ለመመርመር የሚደረገው የብሌን ማስፊያ ጠብታ ሁሉም በአንዳንድ ልጅ ላይ ቅዠት ወይም ድምፅ ያመጣሉ። ድምፁ መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በተጨመረ ሰሞን ከመጣ ለሐኪሙ ንገሩ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። ከ8 ዓመት በላይ ያለ ልጅ ማስቲሽ ወይም ቤንዚን የሚያሸቱ ጓደኞች ካሉት የልብሱን ሽታ ልብ በሉ።

የሚጥል በሽታ ሁልጊዜ አይጥልም። ድምፁ ከሰከንዶች እስከ ሁለት ደቂቃ ብቻ የሚቆይ፣ በመጣ ቁጥር ያው አንድ ዓይነት የሆነ፣ አብሮት ልጁ ዓይኑን ተክሎ የሚቀር፣ ከንፈሩን የሚመጠምጥ፣ የሌለ ሽታ የሚሸተው ወይም ከሆዱ ወደ ላይ የሚወጣ ስሜት ያለው ከሆነ በስልክ ቅረጹት። ያቺ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከብዙ ገለጻ ትበልጣለች። ጆሮውንም አሳዩ፤ ኩክ የደፈነው ወይም መግል የያዘ ጆሮ ይጮኻል፣ ልጅ ደግሞ ጩኸቱን «ያወራል» ይለዋል።

ደብተር ያዙ

አስቸኳይ ምልክት ከሌለ ለ2 ሳምንት መዝግቡ። ልጁ የማያየው ቦታ የምትቀመጥ አንዲት ደብተር ትበቃለች። የልጁን ቃል እንዳለ ጻፉ፣ አታሳምሩት። እንዲህ ይመስላል፦

«ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40። አልጋ ውስጥ፣ ሊተኛ ሲል። "ሰውዬው ና ና አለኝ" አለ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከመስኮቱ በኩል። ፈርቷል፣ አላለቀሰም። ራት በልቷል። ትናንት የተኛው 4 ሰዓት ላይ። ትምህርት ቤት ከልጆች ጋር ተጣልቶ ነበር። ሙቀት 36.8።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥዕሉ ራሱ ይወጣል። ድምፁ የሚመጣው እንቅልፍ ሊወስደው ሲልና ሊነቃ ሲል ብቻ ከሆነ የእንቅልፍ ደጃፍ ድምፅ ነው፤ ጤነኛ ሰውም ይሰማዋል። እሑድ ማታ በርትቶ ቅዳሜ የሚጠፋ ከሆነ ትምህርት ቤት ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቁ፤ የሚመታው ወይም የሚያሾፍበት ሰው ሊኖር ይችላል። በጠራራ ፀሐይ፣ በጨዋታ መካከል፣ በቀን ብዙ ጊዜ የሚመጣ ከሆነ ግን 2 ሳምንቱን ሳትጨርሱ ቀጠሮ ያዙ።

ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጻፋችሁ ውጭ አገር ላለ ሐኪም ስትሰጡ ቀይሩት። «2 ሰዓት ማታ» ብሎ የተጻፈ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተብሎ ይነበባል፤ ሊተኛ ሲል የሰማው ድምፅ ከእንቅልፍ የቀሰቀሰው ድምፅ ሆኖ ይቀራል።

ማታ ማታ

እንቅልፍ ያጣ ልጅ ብዙ ይሰማል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለው ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ይፈልጋል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ለሰርቪስ የሚነሣ የ7 ዓመት ልጅ ማታ ከ3 ሰዓት ተኩል በፊት መተኛት አለበት ማለት ነው፤ ከቤተሰቡ ጋር ድራማ አይቶ 5 ሰዓት የሚተኛ ከሆነ ሌላ ነገር ከመፈለጋችሁ በፊት ይህን አስተካክሉ። ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ቴሌቪዥንና ስልክ ይጠፋል። አስፈሪ ፊልም ለትልልቆቹ ተከፍቶ ትንሹ ሶፋ ላይ ተኝቷል ማለት አይሠራም፤ ጆሮው ነቅቶ ነው።

ድምፁ ሲመጣ የሚያደርገውን ነገር ቀን ላይ አስተምሩት፤ የፈራ ልጅ አዲስ ነገር አይማርም። ሦስት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ አፉን ዘግቶ የሚወደውን ዜማ ማንጎራጎር፤ ጉሮሮና ጆሮ በዜማው ሲያዙ ለድምፁ ቦታ አይተርፍም፣ ብዙ ጊዜም ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ «አሁን አልሰማህም፣ ልተኛ ነው» ብሎ መመለስ። ሦስተኛ፣ ተነሥቶ ወደ እናንተ መምጣት፤ መንገዱ ላይ ትንሽ መብራት ይብራ። ሲመጣ እየመራችሁ መልሱት፣ 5 ደቂቃ አጠገቡ ተቀመጡ። የሚጸልይ ቤተሰብ ከሆነ ጸሎቱ አጭርና የሚያረጋጋ ይሁን፤ ሰይጣን ሲገሠጽ የሚሰማ ልጅ አልጋው ስር ሰይጣን እንዳለ ይማራል።

እንቅልፍ በወሰደው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰዓታት ውስጥ ዓይኑን አፍጥጦ እየጮኸ ቢነሣ፣ ብታናግሩት የማይሰማ፣ ጠዋትም የማያስታውሰው ከሆነ የሌሊት ሽብር ነው። አትቀስቅሱት፣ እንዳይወድቅ ብቻ ጠብቁት፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ራሱ ይተኛል።

ጠበል፣ ዱዓና አያት

ብዙ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው የአያት ቃል ነው፤ አያትን መጋፋትም አያዋጣም። «እማዬ፣ ጠበሉንም እንወስደዋለን፤ አስቀድሞ ግን ሐኪም ይየው፣ መድኃኒትም ካዘዘ ሁለቱንም እናደርጋለን» ማለት ከክርክር ይሻላል። የነፍስ አባታችሁን ወይም ኢማሙን ቀድማችሁ ካናገራችሁ ለአያት የሚመልሱላችሁ እነሱ ናቸው። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበልንና መድኃኒትን አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር፤ ይህን ማስታወስ ብዙ አማኝ ቤተሰብን ያሳምናል።

የማይፈቀደው ነገር ግን በግልጽ ይነገር። ልጅ አይታሰርም፣ አይገረፍም፣ ቡዳ ይለቀዋል ተብሎ በጭስ አይታጠንም። ጭሱ ሳንባ ይጎዳል፤ አስም ያለበትን ልጅ ሊገድል ይችላል። የታመመ ልጅ ከምግብና ከውኃ አይከለከልም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ከተቋረጠ የማያቆም መንቀጥቀጥ ያመጣል። «በል ተናገር፣ ማን ነህ?» እየተባለ በሕዝብ መካከል የተጠየቀ ልጅ የሚጠበቅበትን መልስ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ራሱን የሌላ ነገር ማደሪያ አድርጎ ማየት ይጀምራል፣ ያን እምነት ማስለቀቅ ድምፁን ከማስለቀቅ ይከብዳል።

የሐኪም ቤት መንገድ

በዚያው ሰዓት ተነሥታችሁ የምትሄዱት ድምፁ ራሱን ወይም ሌላውን እንዲጎዳ ሲያዘው፣ ትኩሳት ከመቃዠት ጋር ሲኖር፣ አንገት ሲገትር፣ ከ5 ደቂቃ በላይ ሲንቀጠቀጥ፣ ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ ሲጀምር፣ መርዝ ወይም መድኃኒት ወስዶ እንደሆነ ስትጠረጥሩ፣ እንዲሁም የት እንዳለና ማን እንደሆናችሁ ሲምታታበት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አሜሪካ 911፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ደግሞ 988፤ እስራኤል 101፤ አውሮፓ 112፤ ኢሚሬትስ 998፤ ሳዑዲ 997።

የሚያዝ ድምፅ ካለ፣ ሐኪም እስኪያየው አንድ አዋቂ ከልጁ የክንድ ርቀት አይለይ፤ ሽንት ቤትም ቢሆን። ቢላዋ፣ በረኪና፣ ላምባ፣ ፀረ ተባይ፣ የአያት የደም ግፊት ክኒን ሁሉ ይቆለፍ። ፎቅ ላይ ከሆናችሁ የመስኮትና የበረንዳ በር ይዘጋ። ልጁን አትቆጡት፤ «ድምፁ ያለህን ነገር ማድረግ የለብህም፣ እኔ እጠብቅሃለሁ» በሉት።

አስቸኳይ ካልሆነ ጤና ጣቢያ ወይም የልጆች ሐኪም ጋ ጀምሩ፤ ከዚያ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይልካችኋል። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ከአዲስ አበባ ውጭ የጅማና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ይህ አገልግሎት አላቸው። እስራኤል ያላችሁ በኩፓት ሆሊማችሁ፣ ማለትም በጤና መድን ድርጅታችሁ፣ በኩል ጠይቁ፤ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና የእነሱ ኃላፊነት ነው። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። ታላቅ እህቱን አስተርጓሚ አታድርጉ። ስለ ወንድሟ የማይሆን ነገር ትሸከማለች፣ የሚያሳፍረውንም ታስቀራለች።

ለልጁ የምትሄዱበትን ቦታ አትደብቁት። «መርፌ የለም» ብላችሁም አታታልሉት፤ ደም ሊወሰድ ይችላል። «ስለ ድምፁ የሚያውቅ ሐኪም ጋ ነው የምንሄደው፤ አንተ ስላጠፋህ አይደለም» ይበቃል። ደብተሩን፣ ቪዲዮውን፣ የሚወስደውን መድኃኒት ከነማሸጊያው ያዙ። ሐኪሙ ልጁን ብቻውን ላናግረው ቢል ፍቀዱ። ጆሮ፣ የነርቭ ምርመራና ደም የተለመዱ ናቸው፤ የጭንቅላት ሞገድ ምርመራ የሚታዘዘው የሚጥል በሽታ ሲጠረጠር ነው፣ ስላልታዘዘ ቸል ተባልን አትበሉ።

ድምፅ ብቻ ያለውና በሌላ ነገር ደህና የሆነ ትንሽ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት አይታዘዝለትም፤ እንቅልፉ ይስተካከላል፣ የሚያስጨንቀው ነገር ይፈለጋል፣ የምክር ሕክምና ይሰጠዋል፣ በየጥቂት ሳምንቱ ይታያል። ከታዘዘ ደግሞ ምንን ለመቀነስ እንደሆነ፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ምን ጉዳት ሲታይ መመለስ እንዳለባችሁ ጠይቁ፤ ክብደቱ በዚያው ቀን ተመዝኖ ይጻፍ። ለአዋቂ ዘመድ የታዘዘ ሃሎፔሪዶል ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም ክኒን ግማሹንም ቢሆን ለልጅ አትስጡ፤ አንገት ያጣምማል፣ ዓይን ወደ ላይ ይገለብጣል፣ ምላስ ያስወጣል። ይህ ከታየ አስቸኳይ ነው፤ የክኒኑን ስም ይዛችሁ ሂዱ፣ በመርፌ ቶሎ ይፈታል።

ለትምህርት ቤት የሚነገረው ለአንድ የክፍል መምህር፣ ያውም የሚያስፈልገው ያህል ብቻ ነው፤ ልጁ ሲፈራ ወደ ማን እንደሚሄድ ይወሰን። ወንድምና እህቶቹን «አንዳንድ ጊዜ ሌላ ሰው የማይሰማው ነገር ይሰማዋል፤ አይተላለፍም፣ አይሾፍበትም» በሏቸው።

ድምፁ ሲጠፋ በየቀኑ «ዛሬስ መጣ?» አትበሉት። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ፣ ገበያ ስትሄዱ ወይም እንጀራ ስትጋግሩ፣ እግረ መንገዳችሁን አንዴ ጠይቁት። ደብተሯን ግን አትጣሏት፤ ከዓመት በኋላ ቢመለስ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ያኔ እንዴት እንደጀመረ ነው።